ዎከርተን፦ ሕመሙ የጀመረበት ሳምንት የታወቀባት ከተማ

አይቢኤስን፣ ማለትም በምርመራ ጉዳት ሳይታይ ሆድን የሚያምምና የሚያውክ የቆየ የአንጀት ችግርን፣ ማጥናት ለምን እንደሚከብድ ልንገራችሁ። መነሻው አይያዝም። ታማሚው ሐኪም ዘንድ ሲደርስ ዓመታት አልፈዋል። መቼ ጀመረህ ሲሉት «እንጃ፣ ቆይቷል» ይላል። ምን በልተህ ነበር፣ ምን አስጨንቆህ ነበር ብትሉት ትዝ ያለውን ይነግራችኋል፤ ትዝ ያለው ነገር ያኔ በእርግጥ የሆነ ይሁን ከታመመ በኋላ በሐሳቡ ያገጣጠመው ይሁን እሱም አያውቅም፣ እናንተም አታውቁም። ኮሎኖስኮፒው፣ አንጀት ውስጥ ካሜራ ገብቶ የሚታይበት ምርመራ፣ ደህና ነው። ደሙ ደህና ነው። ሰውዬው ግን ይቆርጠዋል፣ ይነፋዋል፣ አንድ ቀን ያስቀምጠዋል፣ ሌላ ቀን ያደርቀዋል።

ስለዚህ በዚህ ዘርፍ የሚሠራ ተመራማሪ የሚመኘው ጥናት ቢኖር እንዲህ ያለ ነው፦ ብዙ ሺህ ሰው በአንድ ቦታ፣ በታወቀ ሳምንት፣ በታወቀ ምክንያት ሆዱን ይታመማል፤ ከዚያ ማን ዳነ፣ ማን አልዳነም እየተባለ ለዓመታት ይታያል። ይህን ሆን ብሎ የሚያደርግ ሰው እስር ቤት ነው የሚገባው። ካናዳ ውስጥ፣ ኦንታሪዮ ክፍለ ግዛት፣ ዎከርተን በምትባል ትንሽ ከተማ ግን ተከሰተ። በራሱ ተከሰተ እንዳልል ደግሞ የሰው እጅ አለበት።

ውሃው

ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን ነው የምጽፈው። በ2000 ዎከርተን 5,000 ገደማ ሰው የሚኖርባት፣ ዙሪያዋን እርሻ የከበባት ከተማ ነበረች። የምትጠጣው የጉድጓድ ውሃ ነው። ከጉድጓዶቹ አንዱ፣ ቁጥር 5 የሚባለው፣ በ1978 የተቆፈረ ሲሆን ጥልቀት የለውም፤ ውሃ የሚያገኘው ከመሬት በታች ከ5 እስከ 8 ሜትር ካለ ንብርብር ነው። አጠገቡ ደግሞ የከብት እርሻ አለ። ገበሬው ማሳው ላይ ፍግ በትኗል። የበተነውም በወጉ ነው፣ በኋላ ነገሩን የመረመረው አጣሪ ኮሚሽን ገበሬው ላይ ምንም ጥፋት አላገኘም።

ከሜይ 8 እስከ 12 ዝናቡ አላባራም። ውሃው ፍጉን እያጠበ ወደ መሬት ውስጥ ሰረገ፣ ከዚያም ጉድጓድ 5 ገባ። አብረውት ሁለት ባክቴሪያዎች ገቡ፦ ኢ. ኮላይ ኦ157፡ኤች7 እና ካምፒሎባክተር ጄጁኒ። ሁለቱም ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ያመጣሉ፤ የመጀመሪያው ኩላሊትም ያበላሻል።

በቂ ክሎሪን ቢኖር ኖሮ ባክቴሪያዎቹ ቧንቧ ሳይደርሱ ይሞቱ ነበር። የውሃ ድርጅቱ ሠራተኞች ግን በየቀኑ መለካት የነበረባቸውን ክሎሪን አይለኩም ነበር። መዝገቡ ላይ ቁጥር ይሞላሉ፣ ያ ቁጥር የልኬት ውጤት አይደለም። እንዲህ ሲሠሩ ዓመታት አልፈዋል። ተንኮል ነው እንዳትሉ፣ ክሎሪን ያልገባበትን ውሃ ራሳቸውም ይጠጡት ነበር፤ ውሃው ጥሩ ነው ብለው ያምኑ ነበር። እኔን ከሁሉ የሚያስደነግጠኝ ይሄኛው ነው።

ሜይ 17 ላብራቶሪው ናሙናው መበከሉን ለውሃ ድርጅቱ አሳወቀ። ድርጅቱ ለጤና ቢሮው ትንፍሽ አላለም። ላብራቶሪውም ለጤና ቢሮ የማሳወቅ ግዴታ አልነበረበትም፤ በ1996 የውሃ ምርመራ ወደ ግል ላብራቶሪዎች ሲዞር ይህን የሚያስገድድ ደንብ አብሮ አልወጣም። ደም ያስቀመጣቸው ልጆች ሆስፒታል መምጣት ሲጀምሩ ጤና ቢሮው ደውሎ ጠየቀ። ውሃው ደህና ነው ተባለ። ደግሞ ጠየቀ። ደህና ነው ተባለ። ሜይ 21 ላይ ጤና ቢሮው ሌላ ማረጋገጫ ሳይጠብቅ «ውሃ አፍልታችሁ ጠጡ» ብሎ አወጀ። እስከዚያ የጠጣው ጠጥቷል። 7 ሰዎች ሞቱ፣ ከ2,300 በላይ ታመሙ።

ዳኛ ዴኒስ ኦኮነር የመሩት ኮሚሽን በ2002 ያወጣው ሪፖርት ላይ፣ ጉድጓድ 5 ክሎሪንንና ድፍርስነትን ያለማቋረጥ የሚለካ መሣሪያ ቢኖረው ይህ እልቂት አይደርስም ነበር ይላል። ስለ ውሃና ስለ ቁጥጥር የሚጽፉ ሰዎች ታሪኩን አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ላይ ይዘጉታል። የኛ ጉዳይ ግን ገና መጀመሩ ነው።

ተቅማጡ ቆመ፣ ሆዱ አልዳነም

በ2002 የኦንታሪዮ መንግሥት ገንዘብ መድቦ የዎከርተን የጤና ጥናት የሚባል ሥራ ተጀመረ። ዋናው ዓላማ በጠቅላላው ይህ ብክለት ለረጅም ጊዜ ምን ያስከትላል የሚለውን ማወቅ ነበር፤ ጥናቱን የመሩት ዊሊያም ክላርክ የኩላሊት ሐኪም ናቸው፣ ኩላሊት ቀዳሚው ፍርሃት ስለነበር። የአንጀቱን ክፍል የያዙት የማክማስተር ዩኒቨርሲቲ ሰዎች ናቸው፣ ጆን ማርሻል፣ ስቲቨን ኮሊንስና ባልደረቦቻቸው።

ተላላፊ ተቅማጥ አይቢኤስ ጥሎ ሊሄድ ይችላል የሚለው ሐሳብ በዚያን ጊዜ አዲስ አልነበረም። በ1962 ኦክስፎርድ ላይ ቻውድሪና ትሩላቭ የተባሉ ሐኪሞች 130 ታማሚዎችን ይዘው ባወጡት ጽሑፍ፣ ሩብ ያህሉ ሕመማቸው የጀመረው ከተቅማጥ በሽታ በኋላ እንደሆነ ተናግረዋል። ችግሩ መንገዱ የኋሊት መሆኑ ነው፤ የታመመውን ይዘህ ያለፈውን ትጠይቀዋለህ። የታመመ ሰው ደግሞ ምክንያት ይፈልጋል። ዎከርተን ላይ መንገዱ ወደፊት ሆነ። መጀመሪያ ውሃው፣ ከዚያ ሰው፣ ከዚያ ዓመታት።

ነዋሪዎቹን በሦስት ከፈሏቸው። በወረርሽኙ ጊዜ ምንም ያልሆኑ፤ «ታምሜ ነበር» የሚሉ ግን የሐኪም ማስረጃ የሌላቸው፤ እና መታመማቸው በሕክምና መዝገብ የተደገፈ። ከወረርሽኙ በፊት አይቢኤስ ወይም ሌላ የአንጀት በሽታ የነበረባቸውን አወጧቸው፤ ካላወጧቸው አሮጌው ሕመም ከአዲሱ ጋር ይደበላለቃል።

ግን አይቢኤስ ምርመራ የሌለው በሽታ ከሆነ ማን ያዘው ማን አልያዘውም እንዴት ተባለ? በጥያቄ ነው። ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ባለሙያዎች የተስማሙባቸው የሮም መስፈርቶች የሚባሉ አሉ፤ ዎከርተን ላይ የተጠቀሙት የመጀመሪያውን፣ ሮም 1ን ነው። በኋላ በ2016 የወጣው ሮም 4 ጠበቅ ይላል፦ ባለፉት ሦስት ወራት ቢያንስ በሳምንት አንድ ቀን የሆድ ሕመም መኖር አለበት፣ ሕመሙም ከመጸዳዳት ጋር ወይም ከሰገራ ድግግሞሽና መልክ መለወጥ ጋር ቢያንስ በሁለት መንገድ መያያዝ አለበት፣ ነገሩ ከጀመረም ስድስት ወር ሊያልፈው ይገባል። መነፋት ብቻውን አይበቃም።

ውጤቱ በ2006 ታተመ። 2,069 ሰዎች ተካተዋል። በወረርሽኙ ጊዜ ካልታመሙት 701 ሰዎች 71ዱ አይቢኤስ ነበረባቸው፣ 10.1 በመቶ ማለት ነው። ታምሜ ነበር ካሉት 904 ሰዎች 249ኙ፣ 27.5 በመቶ። በመዝገብ ከተረጋገጠላቸው 464 ሰዎች ደግሞ 168ቱ፣ 36.2 በመቶ። ከሦስት ሰው ከአንድ በላይ። አስቡት፣ ባክቴሪያው ከወጣ ሁለት ዓመት አልፎታል፣ ሐኪም ዘንድ ቢሄዱ «ምንም የለብህም» ነው የሚባሉት፣ ሆዳቸው ግን የዚያን ሜይ ሕይወት እየኖረ ነው።

ማንን ነው ይበልጥ የያዘው? ወጣቶችን፣ ሴቶችን፣ ከዚያ ደግሞ በሽታው ሲነሳ የጠናባቸውን። ተቅማጡ ከ7 ቀን በላይ የቆየበት፣ ደም የታየበት፣ ሆዱን የቆረጠው፣ አራት ኪሎ ተኩል ያህል ወይም ከዚያ በላይ የከሳ። እነዚህ አራቱ እያንዳንዳቸው ለብቻቸው አደጋውን ከፍ ያደርጉታል። አንጀቱ ይበልጥ የተጎዳ ሰው ይበልጥ አይቢኤስ ይዞት ቀረ፤ ይህ ዝምድና ነው ጥናቱን ጥናት ያደረገው ባይ ነኝ።

አልዋጥልኝ ያሉ ነገሮች

አንድ ቁጥር አለ፣ ብዙ ሰው ሳያየው የሚያልፈው። ያልታመሙት ሰዎች 10.1 በመቶ። እነዚህ ሰዎች ከወረርሽኙ በፊት አይቢኤስ አልነበረብንም ያሉ ናቸው፤ በሁለት ዓመት ውስጥ ከአስር አንዱ አዲስ አይቢኤስ ያዘው ማለት ነው? ይህ በጣም ብዙ ነው። ምክንያቱ ከሁለት ወይም ከሦስት አንዱ ይሆናል፣ ወይም ሁሉም ተደራርበው። አንደኛ፣ ስለ 1999 ሆዳቸው በ2002 ነው የተጠየቁት፣ ሰው ደግሞ የቀድሞ ቀላል ሕመሙን ይረሳል። ሁለተኛ፣ ባክቴሪያው ገብቶባቸው ጎልቶ ሳይታይ ያለፋቸው ሰዎች እዚህ ቡድን ውስጥ ይኖራሉ። ሦስተኛ፣ ጎረቤቱ ሲሞት ያየ፣ ልጁን ሆስፒታል ይዞ የከረመ፣ ቧንቧ ሲከፍት የሚሰጋ ሰው ባክቴሪያውን ባይጠጣም ሆዱ ሰላም ይሆናል ማለት ይከብዳል።

ሌላው ገንዘብ ነው። ነዋሪዎቹ በጋራ ከስሰው ካሳ ተፈቅዶላቸዋል፣ ለአንድ ነዋሪ ቢያንስ 2,000 የካናዳ ዶላር፣ ጉዳት ለደረሰበት ከዚያ በላይ። ካሳ ባለበት ቦታ «ያምመኛል» የሚለው ቃል ዋጋ ይኖረዋል። ይህን ማንሳት ታማሚን ውሸታም ማለት አይደለም፣ ግን መጠይቅ ላይ ብቻ የቆመ ጥናት ሲሆን መጠየቅ ያለበት ጥያቄ ነው።

መልስ አለው ወይ? በከፊል አለው። የሚዋሽ ሰው ተቅማጡ ስንት ቀን እንደቆየ ከአይቢኤስ ጋር እንደሚገናኝ አውቆ አይዋሽም፤ በመቶ የሚቆጠሩ ሰዎች ተስማምተው ያንን ዝምድና ሊፈጥሩት አይችሉም። ሁለተኛው መልስ ደግሞ ከአፍ የማይወጣ ነገር ነው።

ሽንት ውስጥ የተገኘው

ተመራማሪዎቹ ከከተማው 218 ሰዎች ወስደው፣ 132ቱ አይቢኤስ ያለባቸው 86ቱ የሌለባቸው፣ ሁለት ስኳሮች አጠጧቸው፦ ላክቱሎዝና ማኒቶል። ማኒቶል ትንሽ ሞለኪውል ስለሆነ ጤነኛ አንጀትም ያሳልፈዋል። ላክቱሎዝ ትልቅ ነው፣ የአንጀት ግድግዳ ሴሎች ተጣብቀው ከቆሙ ብዙም አያልፍም። ከዚያ ሽንት ተሰብስቦ የሁለቱ ንጽጽር ይለካል። ላክቱሎዙ ከፍ ካለ ግድግዳው ክፍተት አለው ማለት ነው። ስለ ካሳ ያሰበ ሰው ሽንቱን ሊያዝዘው አይችልም።

አይቢኤስ ካለባቸው 35.6 በመቶው ከፍ ያለ ውጤት አሳዩ፣ ከሌለባቸው ደግሞ 18.6 በመቶ። እጥፍ ገደማ ነው። በ2004 ሲታተም «ምንም የለብህም» ለሚባሉት ሰዎች ትልቅ ዜና ነበር።

ግን ቁጥሩን ገልብጣችሁም አንብቡት። አይቢኤስ ካለባቸው ሁለት ሦስተኛው ያህል ግድግዳቸው በዚህ ምርመራ ደህና ነው። ምንም ካልሆኑት ደግሞ ከአምስት አንዱ ያህል «የሚያሳልፍ አንጀት» አለው፣ እየበላ እየጠጣ ነው። ስለዚህ ኢንተርኔት ላይ አንጀትህ ያፈሳል፣ ይህን ዱቄት ግዛና ይደፈናል የሚሉ ሰዎች ይህን የመሰለ ጥናት ሲጠቅሱ ካያችሁ፣ የጠቀሱት ግማሹን ነው። የቡድን ልዩነት አለ፤ አንድን ሰው ለይቶ ይሄ ነው የሚያስብል ነገር ግን የለም።

ከዚያ ወደ ዘረመል ሄዱ። ያው ውሃ፣ ያው ሳምንት፣ ሁለት ወንድማማቾች ጠጥተው አንዱ ድኖ ሌላው ለምን ዕድሜውን ሆዱን ይዞ ይቀራል? 228 አይቢኤስ የቀረባቸውን ከ581 ካልቀረባቸው ጋር አነጻጽረው በ2010 ባወጡት ጥናት ሦስት ጂኖች ብቅ አሉ። ቲኤልአር9 የባክቴሪያን ዲኤንኤ የሚያውቅ መርማሪ ይሠራል። ሲዲኤች1 የአንጀት ሴሎችን እርስ በርስ የሚያያይዝ ፕሮቲን ይሠራል። አይኤል6 የብግነት፣ ማለትም የሰውነት መቆጣት፣ መልእክት ነው። ባክቴሪያን መለየት፣ ግድግዳን ማጣበቅ፣ ብግነትን መምራት፤ ሌላ ነገር ባይታወቅ እንኳን ከሽንቱ ውጤት ጋር አንድ አቅጣጫ ያሳያሉ። ነጠላ የአይቢኤስ ጂን አለ ማለት ግን አይደለም፣ እያንዳንዱ የሚጨምረው አደጋ ትንሽ ነው።

ልጆቹንም አልረሷቸውም። በወረርሽኙ ጊዜ ሕጻናት የነበሩት ለብቻ ተጠንተው፣ ከታመሙት 10.5 በመቶው በኋላ አይቢኤስ ሲታይባቸው ካልታመሙት 2.5 በመቶ ብቻ ነው የታየባቸው። ከአዋቂዎቹ ያነሰ ይመስላል፣ ልዩነቱ ግን አራት እጥፍ ነው፤ የልጅ ሆድ ሕመምን «ትምህርት ቤት ላለመሄድ ነው» ብሎ የሚያልፍ ወላጅ ቢያየው ደስ ይለኛል።

ስምንት ዓመት

ብዙ ታማሚ ማወቅ የሚፈልገው «ይለቀኛል ወይ» የሚለውን ነው። ዎከርተን ለዚህ ጥያቄ ከሰጠችው የተሻለ መልስ የሚገኝበት ቦታ ብዙ የለም። ቡድኑ እስከ 2008 ድረስ ሰዎቹን ተከታተላቸው። ከወረርሽኙ በኋላ በሁለተኛውና በሦስተኛው ዓመት 28.3 በመቶ የነበረው አይቢኤስ በስምንተኛው ዓመት ወደ 15.4 በመቶ ወረደ። ግማሽ ያህል ወረደ ማለት ነው። ያለ ተለየ ሕክምና፣ በጊዜ። በሌላ በኩል በዚያን ጊዜ የታመመው ሰው ካልታመመው ጋር ሲነጻጸር ከስምንት ዓመት በኋላም አይቢኤስ የመያዝ ዕድሉ ሦስት እጥፍ ገደማ ነበር። ሁለቱም እውነት ነው፤ ለታማሚ ሲነገር ግን አብዛኛውን ጊዜ አንዱ ተነጥሎ ነው የሚነገረው፣ ተስፋ ለመስጠት የመጀመሪያው፣ ዜና ለማድረግ ሁለተኛው።

በስምንተኛው ዓመት ያልለቀቃቸው እነማን ናቸው ተብሎ ሲታይ፣ ሴት መሆን፣ ወጣት መሆን፣ በሕመሙ ጊዜ ትኩሳት ወይም ክሳት መኖር፣ እና ከወረርሽኙ በፊት የነበረ ጭንቀት ወይም ድብርት።

አዎ፣ ጭንቀት። አንዳንድ ሰው እዚህ ሲደርስ «አላልኩም?» ይላል። ረጋ በሉ። በ1999 ሼፊልድ፣ እንግሊዝ ውስጥ የተሠራ ጥናትም ተቅማጥ ይዟቸው ሆስፒታል ከገቡት መካከል አይቢኤስ የቀረባቸው፣ ገና ሲታመሙ በሥነ ልቦና መለኪያ ከፍ ያለ ውጤት የነበራቸውና በዚያ ሰሞን ከባድ ነገር ያጋጠማቸው እንደሆኑ አሳይቷል። ግን በዓመቱ ኖቲንግሃም ላይ ካምፒሎባክተር ከያዛቸው ሰዎች አንጀት ቁራጭ ወስደው በማይክሮስኮፕ ሲያዩት፣ በዓይን ሲታይ ንጹሕ በሆነው አንጀት ውስጥ ሴሮቶኒን የሚባለውን መልእክት አስተላላፊ ኬሚካል የሚያመነጩት ሴሎችና የመከላከያ ሴሎች በዝተው አገኙ፤ ተቅማጡ ካለፈ በኋላም። ኮሎኖስኮፒ ደህና ነው ማለት በዓይን ደህና ነው ማለት ነው። ታዲያ የትኛው ነው፣ ጭንቅላት ወይስ አንጀት? እኔ ጥያቄውን ራሱ አልወደውም። አንጀት የራሱ የነርቭ መረብ አለው፣ ከአንጎል ጋርም ቀኑን ሙሉ ይነጋገራል፤ ጭንቀት የነበረበት ሰው ባክቴሪያውን ካልጠጣ ዎከርተን ላይ እንዲህ ባልሆነ ነበር፣ ባክቴሪያውን ከጠጡት ደግሞ ብዙዎቹ ጭንቀት ኖሮባቸው አያውቅም። የሮም ባለሙያዎችም በ2016 «ፈንክሽናል»፣ ጉዳት ሳይታይ አሠራሩ ብቻ የተዛባ፣ የሚለውን ስም ትተው የአንጀትና የአንጎል መስተጋብር መዛባት ማለትን መርጠዋል።

ዎከርተን ግን የዓለም ሁሉ ልክ አይደለችም። በ2017 አርባ አምስት ጥናቶችን፣ ከ21,000 በላይ ታማሚዎችን አንድ ላይ አድርጎ የታየ ትንታኔ ተላላፊ የአንጀት በሽታ ከያዛቸው ሰዎች ከአስር አንዱ ያህል ወይም ትንሽ በላይ አይቢኤስ እንደሚቀርበት አገኘ፤ ካልታመሙት ጋር ሲነጻጸር አደጋው አራት እጥፍ ነው። ዎከርተን ላይ 36 መሆኑ ሁለት ኃይለኛ ባክቴሪያዎች በአንድ ጊዜ ስለገቡ፣ በሽታው ስለጠና፣ የሮም 1 መስፈርትም ላላ ያለ ስለሆነ ይመስለኛል። እጥፉ ግን ተቀራራቢ ነው፣ አራት አካባቢ።

በተግባር የሚጠቅመውን ጣል ላድርግና ልለፈው። ሆዳችሁ ከአንድ ተቅማጥ በሽታ በኋላ ነው እንዲህ የሆነው? ሐኪማችሁ ባይጠይቅም ንገሩት፣ ቀኑን፣ ስንት ጊዜ እንደቆየ፣ ደም እንደነበረው። ይህ ምርመራን አይተካም። ያለ ምክንያት መክሳት፣ ደም፣ ደም ማነስ፣ ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ ተቅማጥ፣ በቤተሰብ የአንጀት ካንሰር፣ ወይም ሕመሙ ከ50 ዓመት በኋላ መጀመሩ ካለ አይቢኤስ ነው ብሎ መቀመጥ የለም። ሕክምናው ከሌላው አይቢኤስ አይለይም፦ የፎድማፕ ምግቦችን፣ አንጀት በደንብ የማይመጣቸው ስኳር መሰል ነገሮች ያሉባቸውን፣ በባለሙያ እየተመሩ ለጊዜው መቀነስ፣ የቁርጠት መድኃኒት፣ በትንሽ መጠን የሚሰጡ የድብርት መድኃኒቶች፣ የሥነ ልቦና ሕክምና። የድብርት መድኃኒቱ የሚሰጠው «አብደሃል» ለማለት ሳይሆን የአንጀት ነርቭን ስለሚያረጋጋ ነው፤ ብዙ ሰው ይህ ስላልተነገረው ወረቀቱን ቀዶ ይወጣል።

ባክቴሪያው ሄዶ ለምን ይቀራል

ዎከርተን ያልመለሰችው ይህን ነው። የቁጥር ጥናት ማን፣ ስንት፣ እስከ መቼ ይላል፤ እንዴት የሚለው ላብራቶሪ ይፈልጋል። እስካሁን ካየኋቸው መልሶች በጣም የሳበኝ በ2021 ከቤልጅየም፣ ከሉቨን ዩኒቨርሲቲ የወጣው ነው። አይጦችን በአንጀት ባክቴሪያ እያስያዙ በዚያው ጊዜ የእንቁላል ፕሮቲን አበሏቸው። ኢንፌክሽኑ ድኖ ካለፈ በኋላ ያንኑ ፕሮቲን ብቻ ሲሰጧቸው አንጀታቸው ተቆጣ፣ ሕመም የሚሰማቸውም ቀድሞ በማያምማቸው መጠን ሆነ። ኢንፌክሽን ሳይይዛቸው ፕሮቲኑን የበሉት ምንም አልሆኑም። የሆነው ምንድን ነው፣ የሰውነት መከላከያ ባክቴሪያውን ሲዋጋ አብሮት የተገኘውንም ምግብ ጠላት ብሎ መዘገበው፤ ሌባው ከሄደ በኋላ ዘመድ ሲመጣም እንደሚጮኽ ውሻ። የሚገርመው ምዝገባው አንጀት ውስጥ ብቻ ነው። ደም ላይ ወይም ቆዳ ላይ የአለርጂ ምርመራ ቢሠራ ነጻ ነው የሚለው። አንጀቱ ውስጥ ግን ማስት ሴል የሚባሉት የመከላከያ ሴሎች ሂስታሚን የተባለውን የአለርጂ ኬሚካል ይለቃሉ፣ ሂስታሚኑ የሕመም ነርቮችን ያስቆጣል።

ሰው ላይም ሞከሩት። አይቢኤስ ያለባቸው 12 ሰዎች የአንጀት ግድግዳ ላይ የአኩሪ አተር፣ የስንዴ፣ የግሉተንና የወተት ቅንጣት በመርፌ አስገቡ። 12ቱም ቢያንስ ለአንዱ ምላሽ ሰጡ። ጤነኛ ከሆኑት 8 ሰዎች ግን ምላሽ የሰጡት 2 ብቻ ናቸው። «ምርመራው አለርጂ የለብህም ይላል፣ እኔን ግን ይህ ምግብ ያምመኛል» ሲል የኖረ ሰው ይህን ሲያነብ ምን እንደሚሰማው መገመት አያስቸግርም። ጥቂት ሰዎች ላይ የተሠራ መሆኑን ግን አትርሱ፣ አንጀት ላይ በመርፌ ማስገባትም በአፍ ከመብላት ጋር አንድ አይደለም።

ሂስታሚን ከሆነ ሂስታሚንን መዝጋት ይቻላል፤ ለዚህ የሚሆን አሮጌ መድኃኒት አለ፣ ኢባስቲን፣ ለአፍንጫ አለርጂ የሚሰጥ። ያው የቤልጅየም ቡድን ከሌሎች ጋር ሆኖ የሆድ ድርቀት የማያመዝንባቸውን 202 የአይቢኤስ ታማሚዎች በዕጣ ከፍሎ ለ12 ሳምንት ሞከረው፣ ውጤቱም በ2024 ወጣ። ሕመሙም አጠቃላይ ሁኔታውም ለበቂ ሳምንታት የተሻለላቸው ኢባስቲን ከወሰዱት 12 በመቶ፣ ማስመሰያ ክኒን ከወሰዱት 4 በመቶ ነበሩ። ሦስት እጥፍ ብላችሁ ልትደሰቱ ትችላላችሁ። ከመቶ ሰማንያ ስምንቱ ግን በዚህ መለኪያ አልተሻለውም። መለኪያው ጠበቅ ያለ ስለሆነ ነው የሚሉ አሉ፣ እውነትም ጠበቅ ያለ ነው። እኔ ይበልጥ የሚመስለኝ ከታማሚዎቹ መካከል አንጀታቸው እንዲህ ምግብን በጠላትነት የመዘገበው ጥቂቶቹ ብቻ መሆናቸው ነው፤ እነሱን ቀድሞ ለይቶ መድኃኒቱን ለእነሱ ብቻ የሚሰጥ ቀላል የክሊኒክ ምርመራ ደግሞ ገና የለም።